ቢሻው በገላው ላይ የፈረደው ፍርድ

ቢሻው ጆንያ ሲሰፋ መጀመሪያ የአፉን ሁለት ጠርዞች በአውራ ጣቱ ገፍቶ ጆሮ ያወጣላቸዋል። ከዚያ በትልቁ የጆንያ መርፌ ቃጫ ሰክቶ ከግራው ጆሮ ይጀምርና አሥራ አንድ ጊዜ ወግቶ ቀኙ ጆሮ ላይ ይቋጫል። አሥርም አያደርገው፣ አሥራ ሁለትም አያደርገው። ሰሊጥ እንደ ውሃ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ክፍተት ካገኘ መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ሄዶ ጎንደር ሲደርስ ጆንያው ይጎድላል። ስለዚህ በሸሕዲ ጥሩ ጆንያ ሰፊ ይከበራል። የቢሻው የሌባ ጣት ጫፍ መርፌ ከመግፋት ብዛት እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት በገበያው ዳር ጉልበቱን ጆንያ ላይ ተክሎ ሲሰፋ ነው። እኔ ከጎኑ ጨውና ሽንኩርት እሸጥ ነበር። ሰፍቶ የጨረሰው ጆንያ ተንከባሎ መጥቶ ሽንኩርቴ ላይ ወደቀ።

«አንተ ሰው፣ ሽንኩርቴን ወጥ ሳልሠራበት ደቆስከው!» አልኩት።

«ማሌሽ እቴ» አለ፤ በጠረፉ ሰው ዐረብኛ ይቅርታ ማለቱ ነው። «ከተደቆሰ አይቀር ዘይቱን አንቺ አምጪና ወጡን አብረን እንብላው።»

የጎጃም አነጋገሩ አሳቀኝ። እሱ ግን እንዲያ ቀልዶ ሲያበቃ ዓይኑን መልሶ መርፌው ላይ ተከለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ዓይን አፋር ሰው ነበር። ዓይን አፋርነቱን ነው የወደድኩለት።

ወደ ቆላ የወረደው በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አብሮት ያረጋል የሚባል የአገሩ ልጅ ወረደ፤ ከእሱ በአንድ ዓመት ያንሳል። ለአንድ ክረምት ብለው መጥተው እዚያው ቀሩ። ከሸሕዲ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የሰሊጥ እርሻ ላይ አረም ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ነዶውን አስረው ሂላ ያቆማሉ። ሂላ ማለት ሰሊጡ እንዲደርቅ ነዶ ለነዶ ተደጋግፎ የሚቆምበት ክምር ነው። ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። ቀን ፀሐዩ ራስ ያዞራል። የሚያድሩት ሃምሳ ወንድ በአንድ ዳስ ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ ጆንያ አንጥፈው ነው። ሴት የምትባል ለወራት አያዩም።

አንዳንዱ ወንድ እሑድ እሑድ ወደ ከተማው መጠጥ ቤቶች ይወርድ ነበር። ቢሻው ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድ የአገሩን ሰው ጨብጥ ይዞት ሽንቱን ሲሸና አጥሩን ነክሶ ሲጮህ አይቶ እዚያ ቤት እንዳይረግጥ ማለ። ማለ እንጂ ገላው ድንጋይ አልሆነም። እንደ ብዙ ብቸኛ ጎልማሳ፣ ማንም በማያይበት ጊዜ በገዛ እጁ ስሜቱን ያረካ ነበር። ይህን እኔ ያወቅሁት በመጨረሻው ወር ነው፤ ራሱ ነገረኝ። ታሪኩ ያለ እሱ ስለማይገባ ነው የምጽፈው።

በዳሱ ውስጥ ስለዚህ ነገር በቀልድ ካልሆነ የሚነሳ አልነበረም። አንዱ ኩንታል ተሸክሞ ጉልበቱ ከታጠፈ ሌሎቹ ይጀምራሉ።

«ምነው ጃል፣ እጅህን ነው እንዴ ያገባኸው?»

«ተዉት፣ መቅኔውን ጨርሶታል!»

«ከተሜ ሴጋ ይለዋል አሉ። ዓይን ያጠፋል፣ ዘር ያደርቃል።»

ሃምሳውም ይስቃል። ቢሻውም ይስቃል። ነገር ግን መቅኔ ያፈሳል የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከሚስቁት ሁሉ መሀል እንዲህ የሚያደርግ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እያንዳንዳቸውም ስለ ራሳቸው እንዲያ ሳይመስላቸው አልቀረም።

እኔ ያኔ ባሌ በመንገዱ ላይ በነበረው ጦርነት ሞቶብኝ ብቻዬን ነበርሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቢሻው የእርሻው ሥራ ሲቀል ገበያ እየመጣ ጆንያ ይሰፋ ነበርና ለሁለት ዓመት ያህል ሽንኩርት ይገዛኝ ነበር፤ አንድ ሰው የማይጨርሰውን ሽንኩርት። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን ንጹሕ ሆኖ ሊያገባኝ ፈለገ። በኅዳር ፲፱፻፸፫ ከሠራተኛው አንዳንዱ ወደ ደጋ ከመውጣቱ አስቀድሞ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ እርሻው መጥተው ንስሐ ይቀበሉ ነበርና ቢሻው ቀርቦ ተናዘዘ።

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። «አርባ ስገድ፣ ልጄ» አሉት። «ደግሞም አግባ። ብቻህን አትንገላታ።»

ይኸው ነበር ቀኖናው። ነገር ግን ሃምሳ ቀልደኛ ባለበት ዳስ ውስጥ አርባ ጊዜ መስገድ እንዴት ይቻላል? ምን አድርገህ ነው ይሉታል። ስለዚህ ቢሻው ሰሌኑን ተሸክሞ ከእርሻው ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ኩይሳ አጠገብ ካለ ግራር ሥር ሄደ። ጆንያ እጠብቃለሁ አለ። አርባውን በአንድ ቀን ሰግዶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ከወንዶቹ ቀልድ መራቁ ስለጣመው ወደ ዳሱ አልተመለሰም። በየካቲት ያረጋልም «አንተ የሌለህበት ዳስ ምን ይረባኛል» ብሎ ምንጣፉን ይዞ ተከተለው። ሁለቱ እስከ ግንቦት ድረስ፣ ሙቀቱ ምድሩን እስኪሰነጣጥቀው፣ ከዚያ ግራር ሥር አደሩ።

በግንቦት ተጋባን። ከሸሕዲ ገበያ በስተጀርባ ባለችው አንድ ክፍል የጭቃ ቤቴ ሁለት ወር ባልና ሚስት ሆነን ኖርን። ጥሩ ሁለት ወር ነበር፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሐምሌ ትኩሳት ጀመረው። ከቀትር በኋላ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ጠዋት ይተወዋል። ወባ ነው አልን። በቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ከገበያ ክኒን ገዝቼ ሰጠሁት፤ ዋጠው፤ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። በነሐሴ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በመርፌው በሳ። በልቶ አይጠረቃም፣ ግን ሥጋው ያልቃል። በዚያው ሰሞን ወደ እኔ መቅረብ ተወ። አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አቅም ሲያጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰሌኑን መሬት ላይ አንጥፎ ለብቻው ተኛ።

እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። የሌላ ሰው ሚስት የነበረች አግብቶ የጸጸተው መሰለኝ። ጸጉሬን ተሠራሁ። ቅቤ ተቀባሁ። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ቢሻው፣ ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን ውሃ ሳስታጥበው።

«አንቺ ምን ታደርጊኛለሽ ውቤ።»

«ታዲያ?»

«ለእኔ የሚገባ ነው የመጣብኝ።»

ከዚህ ሌላ አላወጣም። እሱ ለራሱ ነገሩን ገጣጥሞ ጨርሶት ነበር፤ ጉልበቱ አለቀ፣ ወንድነቱ ደከመ፣ ቆዳው ጠቆረ፤ ወንዶቹ ያሉት መቅኔ ይኸው ፈሰሰ። እግዚአብሔርም ቀኖናውን አልተቀበለለትም። ስለዚህ አርባውን አራት መቶ አደረገው። በየጠዋቱ ከጓሮ፣ ትኩሳቱ ሳይመጣበት ቀድሞ፣ ግንባሩ አፈር እስኪለብስ ይሰግዳል። ከፍስክ ተከለከለ። ወተት ሳቀርብለት ጀርባውን ያዞራል። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። ያ ሁሉ የቀረችውን ደሙን እያሟጠጠ እንደሆነ ማን ይንገረው?

በጥቅምት ለማራገፍ ወደ እርሻው ሄደ። አትሂድ ብዬ ለምኜው ነበር። እዚያ ያረጋልን ተመሳሳይ ትኩሳት ይዞት አገኘው፤ ከሂላው ጥግ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሻው አጠገቡ ተቀመጠና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ነገር በቀልድ ሳይሆን በምር ጠየቀው።

«ያረጋል፣ አንተም እንደኔ ነህ? በእጅህ?»

ያረጋል ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ «ካንተ ምን ለየኝ» አለው።

«እንግዲያ ይህ ወባ አይደለም። መቅኔያችን ነው ያለቀው። ጹም። ስገድ። ለማንም አትናገር።»

ያረጋል ቢሻውን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያምነዋል። እንዳለው አደረገ።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቢሻው ገበያ ላይ ጆንያ ሲሰፋ አፍንጫው ደማ። ደሙ ጆንያውን አበላሸው፤ ሊያብሰው ጎንበስ ሲል እዚያው ወደቀ። ሁለት ሰዎች ደግፈውልኝ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኩት። እንቢ ሲል «ካልሄድህ እዚሁ ተቀምጬ እሞታለሁ» አልኩት፤ ጮኼ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅምና ደንግጦ ተነሣ።

በጤና ጣቢያው በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰሩ አቶ ሐሚድ የመተማ ዮሐንስ ሰው ናቸው፤ ያኔ ሃምሳ ይሆናቸዋል። ነጭ ካፖርታቸው ከሦስት ቁልፍ አንድ ብቻ የቀረው ነበር። ሆዱን በቀኝና በግራ ዳሰሱት። በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር ጣፊያው አብጦ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም።

«ስንት ጊዜ ሆነህ ያ አኺ?» አሉት። በዐረብኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ ወንዱን ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠሩት።

«አራት ወር።»

«አራት ወር! እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?»

«በሽታዬን አውቀዋለሁ ጌታዬ። የሐኪም አይደለም።»

«እንዴ፣ አንተ አውቀኸው እኔ ላላውቀው ነው? እስቲ አስተምረኝ።»

ከዚያ ቢሻው ተናገረ። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ ዳሱን፣ እጁን፣ መቅኔውን፣ አርባውን፣ አራት መቶውን። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስሁ።

አቶ ሐሚድ አልሳቁበትም። «ስማኝ» አሉት። «የነፍሱን ነገር ለቄስህ ተወው፤ በእኛም ሼኾቹ አይወዱትም። የደሙንና የመቅኔውን ነገር ግን እኔን ጠይቅ። ሃያ ዓመት በሽተኛ አይቻለሁ። ከመጠጥ ቤቱ ጨብጥ ይዞ የመጣውን ቁጥሩን አላውቀውም። በዚህ አንተ ባልከው ነገር የታመመ ግን አንድ ሰው አላየሁም። መቅኔ አያፈስም። ዓይን አያጠፋም። ዘር አያደርቅም። አዋቂ ሰው ብቻውን ሲሆን ገላው ይጠይቃል፤ ጤነኛ ገላ ስለሆነ ነው የሚጠይቀው። ሥራ አስፈትቶ ካላዋለህ በቀር ማንንም አይጎዳም።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ሚስቴ ዘንድ እንኳ መቅረብ አቃተኝ።»

«በአራት ወር ትኩሳት የነደደ ገላ እንዴት ይቀርባል? ይልቅ ንገረኝ፣ በበጋ የት ነበር የምታድረው?»

«ከግራር ሥር።»

«ኩይሳ አለበት?»

«አለበት።»

አቶ ሐሚድ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዋልካው ስንጥቅና ከኩይሳው የምትወጣ፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ ሌሊት እየነደፈች በሽታ የምታስገባ ዝንብ እንዳለች ነገሩት። በሽታው ካላዛር ይባላል፤ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ነው የሚበላው። መድኃኒት አለው፤ ጎንደር ሆስፒታል በየቀኑ እየተወጉ አንድ ወር።

«በሐምሌ መጥተህ ቢሆን» አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ወረቀቱን ጻፉለት።

ቤት ስንደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና መጋረጃው ምን ያህል እንዳሰማኝ ሳይጠይቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ።

«ጠልተኸኝ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«አንቺን?» አለ። «አንቺን ጠልቼ? እኔ እኮ ያን ሁሉ ሽንኩርት ምን እንዳደረግሁት አታውቂም። ለያረጋል ነበር የምሰጠው፤ ሽንኩርት ብሎ ሊያብድ ደርሶ ነበር።»

ሳቅን። ሳቁ ሳል ሆነበት። የዚያን ቀን ሁለት እንቁላል በቅቤ ጠብሼ አበላሁት፤ ጠረገው። አራት ወር ሙሉ ያላየሁትን ፊቱን አየሁ። ሰው ከታሰረበት ተፈትቶ ሲወጣ የሚያሳየው ፊት ነው። ሥጋው ግን እዚያው እስር ቤት ነበር።

ድንገት እንቁላሉ የነበረበትን ሰሐን አስቀመጠና «ያረጋል!» አለ።

በማግስቱ ወደ እርሻው ለሚሄድ የትራክተር ሹፌር ቃል ሰጠን፤ ያረጋል በቶሎ ሐኪም ጋ ይምጣ። ሹፌሩ በነጋታው መልሱን አመጣ። «‹መድኃኒቴን አውቀዋለሁ፤ አንተው አይደለህ የነገርከኝ› በለው ብሎሃል። ደግሞ ምን ሆኖ ነው ለብቻው ከዛፍ ሥር የሚሰግደው? መነኮሰ እንዴ?»

ቢሻው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የላከው ቃል ጎደሎ መሆኑ ገባው። ምክንያቱ ካልተነገረው ያረጋል አይመጣም፤ ምክንያቱ ደግሞ በሹፌር አፍ የሚላክ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃምሳው ሰው ሰምቶ ሲስቅ ያድራል፤ ያረጋልም ከኀፍረት የተነሣ ጫካ ይገባል።

«እኔ ልሂድና ልንገረው?» አልኩ። ይህን ስናገር ፊቴ ነደደ።

«አንቺ? ለጎልማሳ ሰው? ምን ብለሽ?»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አትሂጂ ማለቱ ደስ አሰኘኝ። ያን ደስታዬን እስከ ዛሬ አልወደውም።

«እኔ ነኝ የነገርኩት፣ እኔው ነኝ ፍርዱን የማነሣለት» አለ። «ቅዳሜ ትራክተሩ ሲወጣ ከላይ ተቀምጬ እሄዳለሁ።» በሹፌሩም «ቅዳሜ እመጣለሁ በለው» ብሎ ላከበት።

ወደ ጎንደር ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ለእሱ ስንመላለስ ሰነበትን። ወረቀቱ ዓርብ ተፈረመ። ያን ዕለት ከሰዓት የጭነት መኪና ይወጣ ነበር። ቢሻው ሰኞ ይሁንልኝ፣ ቅዳሜ ጉዳይ አለኝ አለ። አቶ ሐሚድ ራሳቸው መጥተው የዓይኑን ሽፋን ገልብጠው አዩት። እንደ ወረቀት ነጭ ነበር።

«ሰኞ የሚባል የለህም። ዛሬ ውጣ» አሉት።

«አንድ ሰው አለ ጌታዬ...»

«ድነህ ስትመለስ ትነግረዋለህ።»

ጆንያ ላይ አስተኝተነው ወጣን። የሰሊጥ ጆንያ ነበር፤ ትኩሳቱ መለስ ሲልለት ስፌቱን በጣቱ ይዳስስ ነበር። «ይህ የእኔ አይደለም፤ አሥራ ሦስት ነው የወጋው» አለኝ።

በሆስፒታሉ መርፌው ተጀመረ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀነሰ፤ ተስፋ አደረግን። ያን ሰሞን ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ለያረጋል ስለሚነግረው ነገር ነበር። እንዴት እንደሚጀምር ይለማመድ ነበር።

«መጀመሪያ አስቀዋለሁ» ይላል። «ሐኪሙ አንተን ሊያይህ ጓጉቷል፣ በዚህ ነገር የታመመ ሰው አንድም አላየሁም ስላለ ናሙና ሁንለት እለዋለሁ። ሲስቅ ነው የምነግረው። ሲስቅ ካልሆነ ዓይኑን አያነሣም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዤው እመጣለሁ።»

በአሥራ ሁለተኛው መርፌ ማግስት ደም ከአፍንጫውና ከድዱ ይፈስስ ጀመር፤ ሊያቆሙት አልቻሉም። እጁን ይዤው ነበር፤ ያቺ ጠንካራ የጣቱ ጫፍ መዳፌ ውስጥ ነበረች። ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ጎንደር ቀበርሁት።

ከዚያ በኋላ አላገባሁም። አቶ ሐሚድ ከመጋረጃው ወዲያ የተናገሩት ቃል ለወንድ ብቻ እንዳልተነገረ በብቸኝነቴ ዓመታት ገባኝ፤ በዚያም ራሴን አልኮነንሁም። ቢሻው በራሱ ላይ ያን ፍርድ ባይፈርድ ኖሮ በሐምሌ ሐኪም ዘንድ በሄደ ነበር። ዝንቧ ያደረገችው ማሳመም ብቻ ነው፤ በሽታውን አራት ወር ያስደበቀው ኀፍረቱ ነው።

ወደ ሸሕዲ የተመለስሁት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የያዝሁትን ጓዝ ሳላወርድ ትራክተሩን ፈልጌ ወደ እርሻው ሄድሁ። በመንገድ ሁሉ የቢሻውን አነጋገር፣ ሳቁን ከፊት፣ ቁም ነገሩን ከኋላ፣ በልቤ እያልሁት ነበር። ስደርስ ሰሊጡ ተራግፎ አልቋል፣ ዳሱ ፈርሷል። ከግራሩ ሥር ሰው የለም፤ ግንባርና ጉልበት ያለሰለሰው አፈር ብቻ ነበር። የቀረው አንድ ጠባቂ ነው።

«ያረጋልን ነው? እሱማ አገሩ ገባ» አለኝ። «ሁለት ሰዎች ደግፈውት ነው የሄደው። ወተት ስንሰጠው እንኳ ጾም ነኝ ብሎ እንቢ አለ። ቢሻው ቅዳሜ ይመጣል ብላችሁት ነበር መሰለኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ዳር እየወጣ ይቀመጥ ነበር።»

ቀበሌያቸውን አያውቅም። እኔም አላውቅም፤ ቢሻው «አገሬ» ሲል ወንዙንና ቤተ ክርስቲያኑን እንጂ ሌላ አልነገረኝም። ለያረጋል ሊነገረው የነበረውን ማንም አልነገረውም።